ጌቾና የዘገየው መርዶ

«ሰብለ፣ ጌቾ ሞተ» አለኝ ሩፊኖ በስልክ። በሆላንድኛ ነው የነገረኝ፣ «ትራሙ አመለጠኝ» በሚልበት ድምፅ። ሰላምታ የለ፣ ቁጭ በይ የለ፣ አጠገብሽ ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የለ። ሩፊኖ የኩራሳኦ ደሴት ሰው ነው፤ ጌቾ ይዘፍንበት የነበረው የሳልሳ ባንድ መሪ። የሐበሻ መርዶ አያውቅበትም። ስልኩን እንደያዝኩ፣ ገና እንባዬ ሳይመጣ፣ «ደግ አደረግህ» አልኩት። ምን ለማለት እንደፈለግሁ አልገባውም። ጉበቱ ነው፣ ሮተርዳም ሆስፒታል፣ ዛሬ ጠዋት አለኝና ቀብሩን ነግሮኝ ዘጋ።

መርዶ በስልክ ስለተነገራት «ደግ አደረግህ» የምትል ሴት የት ታየች? እብድ እንዳልባል ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ሙሉ ስሙ ጌታቸው ነው። ጌቾ ያለው የድሬዳዋ ሰፈሩ ከዚራ ነው። ሆላንዶቹ ፖስተር ላይ «ጌቾ» የሚለውን በትልቁ ሲያዩ የላቲን ስም መሰላቸው፤ እሱም አላረማቸውም። ከአሰብ በጭነት መርከብ ወጥቶ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠ የዓለምን ወደብ ሁሉ ዞሯል። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጨረሻ መርከቡ ሮተርዳም ሲቆም ወረደ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ቭላርዲንገን የመርከብ ጥገና ውስጥ ቀለም ቀቢ ሆነ። ሩፊኖ ያገኘው እዚያ ነው። አንድ ሰው መርከብ ጎን ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ቀለም እየቀባ፣ በስፓኒሽ ሲዘፍን ሰምቶ፣ ሩፊኖ ለምሳ የያዘውን ዳቦ እንደጨበጠ ቆሞ ቀረ። ውረድና ስምህን ንገረኝ ብሎ ጮኸበት።

እኔ የማውቀው ግን በጣሪያዬ በኩል ነው። ዘ ሄግ፣ ስኪልደርስዋይክ ውስጥ፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ቤት ተሰጥቶኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ሆቴል ሄጄ አልጋ አነጥፋለሁ፤ ወገቤ ተቆርጦ ስመለስ ጣሪያው አያርፍም። ወዲያ ሲል ወዲህ ሲል፣ ሲረግጥ፣ ሲያንጎራጉር። አንድ ቀን ለጠብ ወጣሁ።

«ወንድሜ፣ ሰው ነህ ወይስ ፈረስ?» አልኩት በሩን እንደከፈተ።

«ጠዋት ፈረስ፣ ማታ ሰው። ግቢ፣ ሩዝ በዓሣ ሠርቻለሁ።»

ገባሁ። ጠቡ እዚያው ቀረ። ሳህኑን በእጁ ይዞ እየተራመደ ይበላል፤ እየተራመደ ያወራል። የገባበትን ቤት መስኮት ሁሉ ይከፍታል፣ በክረምትም፣ በሰው ቤትም። «የድሬ ልጅ ሁለት ነገር አይችልም፤ ዝም ማለትና ነገ ማለት» ይል ነበር። ሲያሾፍብኝ ደግሞ አይጣል ነው። «የሚኒስትር አልጋ አንጥፈሽ መጥተሽ የራስሽን እንደ ዶሮ ጎጆ ትተዪዋለሽ» ይለኛል። የሚያሳዝነው እውነቱን ነበር።

ስፓኒሽ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የካሪቢያን ወደቦች መጠጥ ቤት ውስጥ በጆሮው የለቀመው ነው። «ትርጉሙን ብዙ አላውቀውም» አለኝ። «ሰዎቹ የት ጋ እንደሚያለቅሱ ግን አውቃለሁ።»

ሳልሳ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ዘፈኑ መሃል ላይ ሲደርስ ተቀባዮቹ አንድ ስንኝ ይዘው እሷኑ ይደጋግማሉ፤ መሪው በየመሃሉ እዚያው ያፈለቀውን ይጥላል። አዝማሪ ቤት ያደረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጌቾ ስፓኒሹ ሲያልቅበት በአማርኛ ይቀጥላል፤ ሆላንዱ ምን ቸገረው፣ ይጨፍራል። እኛ ከፊት እንቆምና «ተቀበል!» እያልን ግጥም እንወረውርለታለን። አንዴ በር ላይ ያንጓጠጠንን ጠባቂ ቁመቱንና መላጣውን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ሰደበልን። ጠባቂው ራሱ ከጥግ ሆኖ ያጨበጭብ ነበር።

ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስሙ ገነነ። ሸክላ አወጣ። አንድ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ታየ፤ እኔም የሆቴል እንግዳ ክፍል ውስጥ መጥረጊያዬን አቁሜ አየሁት። ትራም ውስጥ ልጃገረዶች ያስቆሙት ጀመር። ሮተርዳም የተሻለ ቤት አገኘ፣ ጣሪያዬም ዝም አለ። እውነቱን ልናገር፣ ዝምታው አስጠላኝ። ብዙዎቻችን ጽዳት ላይ፣ ወጥ ቤት ላይ፣ በመንግሥት ድጎማ ላይ ነበርን። እሱ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ሁላችንም አብረን የወጣን ይመስለን ነበር። ጋሽ ታደሰ እንኳን ሳይቀሩ ከረባት አስረው ይመጣሉ። ጋሽ ታደሰ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ቢሮ የሚያጸዱ፣ የሁላችንም አባት ናቸው። ወረቀት የጠፋበት፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። «ይሄ ዝላይ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም» ይላሉ፤ እግራቸው ግን ከሥር ይመታል።

ጌቾ በየመድረኩ የማይቀር አንድ ነገር ነበረው። በመጨረሻው ዘፈን ላይ እናቱን፣ እትዬ የሺን፣ ይጠራል። ተቀባዮቹ በስፓኒሽ «መርከበኛ ተመለስ» ይላሉ፤ እሱ በአማርኛ፦

«ባሕሩን ጠይቁት፣ እሱ ነው ምስክር፣
እመጣለሁ ብዬሽ ሳልመጣ ስቀር።»

ትልቁ ነገሩ እሷው ነበረች። መሄድ አይችል፣ አገሩ አይገባ፣ ወረቀቱ አይፈቅድ። ድምፁ ግን ይድረሳት ብሎ አንድ ቴፕ ገዝቶ ዘፈኑን የቀዳበት ካሴት ጨመረበት። በጅቡቲ በኩል ድሬ የሚሄድ ሰው ሲገኝ እንዲልኩለት ጋሽ ታደሰ ጋ አስቀመጠ።

ሰው ከመገኘቱ በፊት ከጅቡቲ ስልክ መጣ። የጌቾ ዘመድ ናት የደወለችው፣ ለእሱ ሳይሆን እንደ ወጉ ለጋሽ ታደሰ። እትዬ የሺ አርፈዋል። በአጭር ሕመም፣ ከፋሲካ በፊት።

ጋሽ ታደሰ ቤት ተሰበሰብን። እኔ እንደ ጎረቤት ተጠራሁ፤ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የአምስተርዳሙ ትልቁ ዝግጅት አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ከዚያ ጀርመን ይዞራሉ።

«አሁን ብንነግረው ልጁ ይሰበራል» አሉ ጋሽ ታደሰ። «እድሉ ደግሞ ሁለቴ አትመጣም። ዝግጅቱ ይለፍ።»

አንዷ «ኧረ ቢያውቅብንስ?» አለች።

«ከየት ያውቃል? የሚነግረው እኛ ነን።»

አትፍረዱባቸው። እኔም ለመፍረድ ዓመታት ሞክሬ አልሆነልኝም። ከዚያ በፊት አንዲት ልጅ የወንድሟን ሞት በስልክ ተነግሯት፣ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ፣ ጎረቤት ፖሊስ እስኪጠራ ድረስ ግድግዳ ስትመታ አይተናል። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደጋፊ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። አገር ቤት ግን መርዶ የሚቆየው ለአንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ዘመድ እስኪሰበሰብ ነው። እኛ ስደት ላይ ወጉን ይዘን ልኩን ጣልነው። ዝግጅቱ አለፈ፤ ጀርመን ይለፍ ተባለ። ጀርመን አለፈ፤ አሞታል፣ ይዳን ተባለ። ዳነ፤ ሁለተኛውን ሸክላ እየቀረጸ ነው ተባለ። በመሃሉ ጌቾ እየደወለ «ጋሼ፣ ቴፑን የሚወስድ ሰው ጠፋ?» ይላቸዋል። እሳቸውም «እየፈለግን ነው ልጄ» ይላሉ። ቴፑ አልጋቸው ሥር ነበር።

አምስተርዳም ያን ምሽት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እኛ ሐበሾቹ ከፊት ነን። ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ፤ እንደዚያን ቀን ዘፍኖ አያውቅም። ሩፊኖ ኮንጋ ከበሮውን እየመታ ወደ ሌሎቹ ዘወር እያለ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል እንደማለት። መጨረሻ ላይ ያችው ዘፈን መጣች። ጌቾ እናቱን መጥራት ጀመረ። ጥርሷን፣ የአንገት ድሪዋን፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ቁጣዋን አነሳ። ከዚያ ወደ እኛ ጎንበስ ብሎ «በሉ እንጂ፣ ለእማዬ ግጥም ስጡኝ! ተቀበል በሉኝ!» አለ።

ማንም አፉን አልከፈተም። እጃችን ያጨበጭባል፣ ፊታችን ላይ እንባ ይወርዳል። እሱ የአገር ናፍቆት መሰለው፤ ደስ አለው። «አታልቅሱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁላችንም ድሬ ነን!» ብሎ ዘለለ። አጠገቤ የቆሙት ጋሽ ታደሰ ከረባታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ።

የተነገረው መስከረም ላይ ነው። እሁድ ማለዳ አሥራ ምናምን ሰው ሆነን በባቡር ሮተርዳም ሄድን፣ ሴቶቹ ነጠላችንን ዘቅዝቀን። ጌቾ በሩን ሲከፍት ጺሙን ግማሽ ተላጭቶ ነበር፣ ሳሙና ፊቱ ላይ አለ። ስንበዛበት ሳቀ። ለሸክላው ደስታ የመጣን መሰለው። ከዚያ ነጠላችንን አየ።

«እናትህ አርፈዋል፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እንደማንኛውም ልጅ አለቀሰ። ያዙት፣ ፊቱን ጠረጉለት፣ ደረቱን ሲመታ እጁን ያዙ። ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። ቆይቶ ቀና አለና «መቼ?» አለ።

ጋሽ ታደሰ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሞተችው?»

«ከፋሲካ በፊት ነው፣ ልጄ። እኛ እኮ...»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ በጣቱ ይቆጥር ጀመር፤ አምስተርዳም፣ ኮሎኝ፣ ሃምቡርግ፣ የጓደኛው ሠርግ፣ ሁለተኛው ሸክላ። ጆሮው ሥር የቀረው ሳሙና ደርቋል። «ቢጫ ሸሚዝ ለብሼ» አለ። «ተቀበል በሉኝ ስላችሁ...» አለና አንድ በአንድ አየን። እኔ ጋ ሲደርስ ቆየ። «አስጨፈራችሁኝ። እናቴ አፈር ለብሳ፣ እኔን አስጨፈራችሁኝ።»

ጋሽ ታደሰ ቴፑን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። አላየውም።

ሰው ጌቾን መጠጥ ገደለው ይላል። ጠጥቷል፤ የሆላንዶቹን የእህል አረቄ እንደ ውሃ ነው የጠጣው። መጠጡ ግን በኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ የሄደው እምነቱ ነው። ሰው ሲስቅለት ምን ደብቆኝ ነው ይላል። ሰው ሲያለቅስ ማን ሞተ ይላል። ሥራ ቦታ ይደውልልኛል። «ሰብለ፣ ማን ሞቶብኛል? ንገሪኝ፣ አልቆጣም።» ማንም አልሞተም እለዋለሁ። «ያኔም እንዲህ ነበር የምትዪው» ይለኛል።

ዘፈኑንም እንደዚያው አበላሸው። አንድ ምሽት ሮተርዳም፣ ባንዱ ሞቆ፣ ሰው እየጨፈረ ሳለ እጁን አንስቶ ሙዚቃውን አስቆመ። ማይኩን ይዞ ከፊት ያሉትን ሐበሾች «ምን ሆናችሁ? ፊታችሁ ምን ሆነ?» አላቸው። ምንም አልሆኑም ነበር። ሆላንዶቹ የትርኢቱ አካል መስሏቸው ሳቁ። ወርዶ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስቴ ደገመው። ሩፊኖ ብዙ ታገሰ፤ በመጨረሻ ሌላ ዘፋኝ ቀጠረ። እኔን ሲያገኘኝ ተናደደብኝ። «በእኛ ደሴት ሰው ሲሞት ያን ዕለት ይነገራል፤ አብረን እንጮሃለን፣ በቃ። እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?» አለኝ። ስለ ወጋችን ላስረዳው ጀመርኩና መሃል ላይ ለራሴም አልጣመኝ።

ቤቱን ለቀቀ። ሸሚዞቹ አንድ በአንድ የሰው ገላ ላይ መታየት ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን አይመጣ፣ ክርስትና አይመጣ፣ ለቅሶ አይመጣ። ከጋሽ ታደሰ ጋር መንገድ ላይ ሲተያዩ የትራሙን ሐዲድ ይሻገራል። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ እንደገና ስኪልደርስዋይክ ነበር፤ ካሳ የሚባል ደግ ልጅ ሶፋ ላይ ያድራል። ልጆች «ያ ሰካራሙ» ይሉታል እንጂ ዘፋኝ እንደነበር አያውቁም። እኔ እያለፍኩ ምግብ አደርስለት ነበር። ይቀበለኛል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ ብዙ አንነጋገርም።

ያን ጊዜ እኔ ከሆቴሉ ለመውጣት የአረጋውያን ተንከባካቢ ለመሆን እማር ነበር። የመጨረሻው ፈተና ዓርብ ሊሆን፣ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የሆቴሉ አለቃዬ መጥታ «ከኋላ በር ላይ አንድ ሰው ይፈልግሻል» አለችኝ። ወረድኩ። ጌቾ ነው። ተላጭቷል። ፀጉሩን በውሃ አበጥሯል። ትንፋሹ መጠጥ መጠጥ አይልም።

«ሰብለ» አለኝ። «አባትሽ ሞተዋል።»

የያዝኩትን እርጥብ ጨርቅ ፊቱ ላይ ወረወርኩት። «ሰካራም! ውሸታም!» እያልኩ ደረቱን መታሁት። አልሸሸም።

«ባለፈው ሳምንት ነው፣ ደሴ። ትናንት ካሳ ቤት ተሰብስበው ነበር። እኔ ሶፋው ላይ የተኛሁ መስሏቸው ከአናቴ በላይ አወሩት። ፈተናዋን ትጨርስ ብለዋል። እሁድ ሊነግሩሽ ነው።» ጨርቁን ከመሬት አንስቶ ሰጠኝ። «እሁድ የእነሱ ነው። ዛሬ ግን ያንቺ ነው። አልቅሺ።»

እንዴት እንደወጣን አላስታውስም። ባሕሩ ዳር ላይ ነፋሱ ያፏጫል፣ ወንበሮቹ ታጥፈው ታስረዋል፣ ሰው የለም። ጮህኩ። ያን ያህል ቦታ ይዞ መጮህ በዚህ አገር ሌላ የት ይገኛል? ጌቾ ክንዴን እንደያዘ «አባትሽ ምን ይሠሩ ነበር?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊ ነበር... ነበሩ» አልኩ። «የሙሽራ ልብስ።»

ወደ ባሕሩ ዞረና፣ ያ ሁላችንም ያለቀ መስሎን የነበረው ድምፅ፣ የተሰነጠቀ፣ የሻከረ፣ ወጣ፦

«ስንቱን ሙሽራ ሁሉ ሰፍቶ የሸኘ፣
ዛሬ ለራሱ ግን አቡጀዴ አገኘ።»

ደገመው። ሦስተኛው ላይ እኔ ተቀበልኩት። መሪው እሱ፣ ተቀባይዋ እኔ፣ እስክንደክም።

ዓርብ ዐይኔ አብጦ ፈተናው ላይ ተቀመጥኩ፤ ወደቅሁ። ጋሽ ታደሰ በዚህ ልክ ነበሩ ማለት ነው። በዓመቱ ደግሜ አለፍኩ፤ ዛሬ ድረስ በዚያው ሥራ ነው የምኖረው። ፈተና ይደገማል።

እሁድ ማለዳ ደወሉ ተደወለ። ያን ቀጥ ያለ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸው እስከ ላይ ይሰማኛል። ጥቁር ለብሼ፣ ፀጉሬን ሸፍኜ በሩን ከፈትኩ። ጋሽ ታደሰ ከፊት ናቸው፣ የሚሉትን አዘጋጅተው የመጡ። አለባበሴን ሲያዩ የደረጃውን መደገፊያ ያዙ።

«አባቴ ሞተዋል፣ ጋሼ። አውቃለሁ። ግቡ» አልኳቸው።

ገቡ። ጌቾ የእኔን ነጠላ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከረቡዕ ጀምሮ እንደ ወንድም ከቤቴ ሳይወጣ፣ ለቅሶ ቤቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ተነሳና ወንበሩን ወደ እሳቸው ገፋ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

ጋሽ ታደሰ አልተቀመጡም። «አንተ ነህ የነገርካት?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«በሰማሁ በማግሥቱ፣ ጋሼ። አንድ ሌሊት ያቆየሁት ጠጥቼ እንዳልመጣባት ነው።»

ጋሽ ታደሰ ወንበሩን ያዙ፣ ለቀቁት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ተራምደው ግንባራቸውን ጌቾ ትከሻ ላይ አስደግፈው እንደ ሕፃን ይነፋረቁ ጀመር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተከትሎ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። እሳቸው ግን አባቴን አያውቋቸውም ነበር።